ስለ ሲጋር ምርመራ፤ ቀለበቱን ትቶ ቅጠሉን ስለ ማየት

ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ ከሦስቱ ነገሮች ባንዱ ይተማመናል፤ በዕቃው ስም፣ በሻጩ ቃል፣ ወይም በገዛ ራሱ ምርመራ። ከሦስቱ ጸንቶ የሚገኘው የመጨረሻው ነው። ቡና ላኪው ቡናውን ቀምሶ፣ የእህል ነጋዴው እህሉን ዘግኖ፣ የቆዳ ነጋዴውም ቆዳውን ዳብሶ ዋጋ ይቈርጣል። ከውጭ አገር በሚመጣ የቅንጦት ዕቃ ላይ ግን ይህ መልካም ልማድ ብዙ ጊዜ ይቀርና በሣጥኑ ማማርና በስሙ ዝና ብቻ ገንዘብ ይከፈላል። ለዚህ ነገር ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ ሲጋር ነው። የታወቀ ስም ያለው አንድ ሲጋር የብዙ ሰው ምሳ ዋጋ ያወጣል፤ ዋጋው ከፍ ባለ መጠን ደግሞ አስመስሎ የሚሠራው ይበዛል።

ስለዚህ ከዚህ በታች ደግ ሲጋር ከምን እንደሚሠራ፣ ሁለት ወዳጆች መጠጥ ይዘው ተቀምጠው እንዴት እንደሚመረምሩት፣ ሣጥኑስ እንዴት እንደሚታይና እንደሚጠበቅ በአጭሩ እንገልጻለን። የጽሑፉ ዓላማ የማያጨሰውን ሰው ወደ ማጨስ ለመምራት አይደለም፤ ዕቃ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው የሚከፍልበትን ነገር እንዲያውቅ ነው። ሌላ ካልተባለ በቀር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሀ/ ሲጋር ከምን ይሠራል?

ሲጋር እንደ ሲጃራ በወረቀት አይጠቀለልም። ከራሱ እስከ እግሩ የትንባሆ ቅጠል ብቻ ነው። ራሱ የምንለው ተዘግቶ ወደ አፍ የሚገባው ጫፍ ሲሆን፣ እግሩ ደግሞ ክፍት ሆኖ እሳት የሚለኮስበት ነው። በሦስት ክፍል ይሠራል፤ በውስጡ የሆድ ቅጠል አለ፤ ሆዱን ጠቅልሎ የሚይዝ ማሠሪያ ቅጠል አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ውበቱን የሚሰጠው የልብስ ቅጠል አለ።

የሆዱ ቅጠል ደግሞ እንደ ተለቀመበት የተክሉ ክፍል ጠባዩ ይለያያል። በኩባ ከተክሉ ግርጌ የሚለቀመው ቮላዶ ይባላል፤ ኃይሉ አነስተኛ ሲሆን እሳቱ እንዳይጠፋ ይረዳል። ከመካከል የሚለቀመው ሴኮ መዓዛ ይሰጣል። ከጫፍ የሚለቀመው ሊሄሮ ፀሐይ የጠገበ በመሆኑ ወፍራምና ኃይለኛ ነው፤ ዝግ ብሎም ይነዳል። ጠቅላዩ ሠራተኛ ሊሄሮውን በመሐል፣ ሌሎቹን በዙሪያው ያደርጋል። ይህን ካሳሳተ ሲጋሩ በአንድ ጎኑ እየነደደ ሌላው ጎኑ ይቀራል።

ቅጠሉ ከማሳ እንደ ተለቀመ አይጠቀለልም። በመጀመሪያ በጎተራ ውስጥ ተሰቅሎ ለሃምሳ ቀን ያህል ይደርቃል። ከዚያም ተከምሮ እንዲብላላ ይደረጋል፤ ክምሩ በገዛ ራሱ ይሞቅና ጉሮሮን የሚቈጠቍጠው የአሞኒያ ሽታ ይወጣለታል። ያልበሰለ ጠጅ ራስ እንደሚያሳምም ሁሉ፣ ሳይብላላ በችኰላ ወደ ገበያ የወጣ ትንባሆም ጉሮሮን ይከረክራል። ከደግ ሲጋር ዋጋ ላይ ትልቁ ክፍል የዚህ የጥበቃ ጊዜ ዋጋ ነው።

ስለ መጠኑም ማወቅ ያስፈልጋል። ርዝመቱ በሚሊሜትር ሲለካ፣ ውፍረቱ ግን አንድ ኢንች ለ64 ተከፍሎ በዚያ ቁጥር ይነገራል። ለምሳሌ ሮቡስቶ የሚባለው የኩባ ሲጋር ርዝመቱ 124 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 50 ቁጥር ነው፤ ይኸውም ወደ 20 ሚሊሜትር ይጠጋል። ይህን የሚያክል ሲጋር ዝግ ተብሎ ቢጨስ ከአርባ አምስት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቈያል።

ለ/ አንዱ ስም ሁለት ዕቃ ስለ መሆኑ

ኮሎምቦስ በ1492 ወደ ኩባ በደረሰ ጊዜ የአገሩ ሰዎች የተጠቀለለ ቅጠል እያጨሱ ተገኙ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የኩባ ትንባሆ ዝና እየገነነ ሄደ። በተለይ በደሴቲቱ ምዕራብ በፒናር ዴል ሪዮ የሚገኘው ቩኤልታ አባሆ የሚባለው አውራጃ ለሲጋር ቅጠል እጅግ የተመሰገነ ነው። ኤች ኡፕማን በ1844፣ ፓርታጋስ በ1845፣ ሮሜዎ ኢ ሁሊየታ በ1875፣ ሞንቴክሪስቶ በ1935፣ ኮሂባ ደግሞ በ1966 የተጀመሩ የኩባ ስሞች ናቸው።

የኩባ አብዮት በ1959 ድል ካደረገ በኋላ፣ በ1960 የሲጋር ፋብሪካዎቹ በመንግሥት ተወረሱ። ከባለቤቶቹም አያሌዎቹ አገራቸውን ለቀው ወጡ፤ ሙያቸውንና የንግድ ስማቸውን ግን ይዘው ነበር። በየካቲት 1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከኩባ ጋር የሚደረገውን ንግድ በዐዋጅ አገዱ። የፕሬዚዳንቱ የማስታወቂያ ጸሐፊ የነበሩት ፒየር ሳሊንጀር እንደ ተረኩት፣ ኬኔዲ አንድ ሺህ የኩባ ሲጋር በአንድ ሌሊት እንዲፈልጉላቸው አዘዟቸው፤ እርሳቸውም በማግሥቱ 1,200 ማግኘታቸውን በነገሯቸው ጊዜ፣ ፕሬዚዳንቱ መሳቢያቸውን ከፍተው የዕገዳውን ወረቀት ፈረሙ። ዕገዳው ዛሬም አልተነሣም።

ከዚህ የተነሣ በገበያው ላይ እንግዳ ነገር ተፈጠረ። ፓርታጋስ፣ ሞንቴክሪስቶ፣ ኮሂባና ሌሎችም ስሞች ሁለት ጌታ አገኙ። በአንድ ወገን በኩባ የሚሠራው ሲጋር አለ፤ በሌላ ወገን ደግሞ በአሜሪካ ገበያ በዚያው ስም የሚሸጠው፣ በዶሚኒካን ሪፑብሊክ ወይም በሌላ አገር የሚሠራው ሲጋር አለ። ሁለቱም በየገበያቸው ሕጋዊ ናቸው፤ ነገር ግን ቅጠላቸው፣ ጣዕማቸውና ዋጋቸው አንድ አይደለም። ስለዚህ በደረሰኝ ላይ «ሞንቴክሪስቶ» የሚል ቃል ብቻ ያየ ገዢ የትኛውን እንደ ገዛ ገና አላወቀም። የተሠራበት አገር በደረሰኙ ላይ በግልጥ መጻፍ አለበት።

በዚህም ላይ የኩባ ያልሆነ ሁሉ ዝቅተኛ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በኒካራጓ የኤስቴሊ አውራጃ፣ በዶሚኒካን ሪፑብሊክ የሲባዎ ሸለቆ፣ እንዲሁም በሆንዱራስ እጅግ የተመሰገነ ሲጋር ይሠራል። ከአህጉራችን ከአፍሪካም የካሜሩን ቅጠል በልብስነቱ በዓለም የታወቀና ተፈላጊ ነው።

ሐ/ እሳት ሳይነካው የሚደረግ ምርመራ

መርማሪው ከሁሉ አስቀድሞ በዓይኑ ይመለከታል። የልብሱ ቅጠል የተወጠረ፣ ጥቂት ወዝ ያለው፣ ሥሮቹ ያልጎሉ መሆን አለበት። ቀለሙ ከገረጣ ቡኒ ጀምሮ እስከ ጥቍር ዳማ ሊደርስ ይችላል፤ ጥቍር ልብስ ያለው ሁሉ ኃይለኛ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ኃይሉ በብዛት ከሆዱ የሚመጣ ነውና። በአንድ ሣጥን ውስጥ የተደረደሩት ሁሉ ቀለማቸው የተቀራረበ መሆን ይገባዋል። በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ከታየ ነቀዝ ገብቶበታል። በእግሩ በኩል ጠጕር የመሰለ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ካለ ሻጋታ ነውና መመለስ አለበት።

ቀጥሎ በእጅ ይዳሰሳል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ከራስ እስከ እግር ቀስ ተብሎ ሲጫኑት ጥቂት ለስለስ ብሎ ወደ ቦታው የሚመለስ መሆን አለበት። እንደ ደረቅ ቅጠል ከተንኰሻኰሸ ደርቋል፤ እንደ ሊጥ ከጎደጎደ እርጥበት በዝቶበታል። አንዱ ስፍራ ጠንካራ፣ ሌላው ስፍራ ባዶ ከሆነ ጠቅላዩ ቅጠሉን አላስተካከለም ማለት ነው።

በመጨረሻም በአፍንጫ ይሸተታል። ጐኑን፣ ከዚያም እግሩን ማሽተት ያስፈልጋል። የእንጨት፣ የቆዳ፣ የድርቆሽ፣ የካካዎ ወይም የቅመም ሽታ መልካም ምልክት ነው። የአሞኒያ ሽታ ካለ ገና አልበሰለም፤ የምድር ቤት ሽታ ካለ በመጥፎ ስፍራ ተቀምጧል፤ የሽቱ ሽታ ካለው ደግሞ የቅጠሉን ጉድለት ለመሸፈን የተጨመረበት ነገር ሊኖር ይችላልና መጠንቀቅ ነው።

መ/ ስለ መቍረጥና ስለ መለኮስ

ራሱን የሚቈርጡት በስለታም መቍረጫ ነው፤ ከቆቡ ላይ ጥቂት ብቻ ይበቃል። ብዙ ከተቈረጠ የልብሱ ቅጠል ይተረተራል። ከተቈረጠ በኋላ ሳይለኰስ አንድ ጊዜ አየሩን መሳብ ይገባል። አየሩ በቀላሉ ከመጣ መልካም ነው፤ እንደ ተደፈነ ዋሽንት እንቢ ካለ ሆዱ ከመጠን በላይ ታጭቋል፤ ያለ ምንም ተቃውሞ ከመጣ ደግሞ ሆዱ ጎድሎታልና ፈጥኖ ይነዳል፣ አፍንም ያቃጥላል።

ለመለኰሻ የጋዝ እሳት ወይም ረዘም ያለ ክብሪት ይሻላል። የቤንዚን መለኰሻ ሽታውን በቅጠሉ ላይ ይተዋል። በክብሪትም ቢሆን የድኙ ሽታ እስኪያልፍ መጠበቅ ያስፈልጋል። እሳቱ እግሩን ሳይነካ ከሥሩ ተይዞ ዙሪያው እስኪሞቅ ድረስ ሲጋሩን ማዞር፣ ከዚያም እያዞሩ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ጢሱ አፍ ውስጥ ተይዞ ይወጣል እንጂ ወደ ሳንባ አይሳብም። ከአንድ ስበት እስከ ሌላው አንድ ደቂቃ ያህል ማሳለፍ ይገባል፤ የቸኰለ ሰው ሲጋሩን ያግለዋል፤ የጋለ ሲጋርም ደግ ቢሆን እንኳ ይመራል።

ሠ/ ሦስቱ ሲሶዎች

ልምድ ያላቸው መርማሪዎች ሲጋሩን በሦስት ሲሶ ከፍለው ይፈርዱታል። በመጀመሪያው ሲሶ ጣዕሙ ለስለስ ያለ ነው፤ እንጨት፣ ድርቆሽ፣ ክሬም የመሰለ ነገር ይገኝበታል። በሁለተኛው ሲሶ ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው ይስማሙና ዋናው ጠባይ ይወጣል፤ የተቈላ ቡና፣ ካካዎ፣ ለውዝ ወይም ቍንዶ በርበሬ የሚመስል ጣዕም ሊሰማ ይችላል። በሦስተኛው ሲሶ ኃይሉ ይጠነክራል። በዚህን ጊዜ ደግ ሲጋር ይከብዳል እንጂ አይመርም። ያልበሰለና ከቍርጥራጭ የተሠራ ሲጋር ጕዱ የሚወጣው በዚህ ስፍራ ነው።

ከጣዕሙ ጋር ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው የእሳቱ መሥመር ነው፤ ዙሪያውን እኩል ሆኖ መሄድ አለበት። ጥቂት ቢወላገድና ራሱን ቢያቃና ነውር የለበትም። ሁለተኛው አመዱ ነው፤ ከሙሉ ቅጠል የተሠራ ሲጋር አመዱ ሁለት ሳንቲሜትርና ከዚያም በላይ ሳይወድቅ ይቆያል፤ ከቍርጥራጭ የተሠራው ግን ይበተናል። ነጭ አመድ የደግነት ምልክት ነው የሚባለው ግን አይታመንም፤ የአመዱ ቀለም ቅጠሉ ከበቀለበት አፈር ማዕድን የሚመጣ ነውና።

ሲጋሩ ሲያልቅ እንደ ሲጃራ አይደፈጠጥም። በማስቀመጫው ላይ ከተተወ በራሱ ይጠፋል፤ መጥፎ ሽታም አያስቀርም።

ረ/ ስለ መጠጡ

መጠጥ ለጨዋታ መልካም ቢሆንም ለፍርድ ግን ጠላት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሲሶ በንጹሕ ውሃ ብቻ ቢመረመር ይሻላል። ከዚያ በኋላ ሩም፣ ውስኪ ወይም ኮኛክ በጥቂቱ ይቀርባል። ሕጉ ቀላል ነው፤ ለለስላሳ ሲጋር ለስላሳ መጠጥ፣ ለኃይለኛ ሲጋር ኃይለኛ መጠጥ። በኩባ አገር ሩምና ቡና የሲጋር የቅርብ ጓደኞች ናቸው፤ ስኳር የሌለበት የእኛም ቡና ለዚሁ ተግባር ከመጠጥ ሁሉ የማያንስ ነው፤ አፍን ያጸዳል፣ አእምሮንም ያነቃል።

እዚህ ላይ ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ጣፋጭ አረቄ የቅጠሉን ምሬት ይሸፍናል፤ ሁለተኛው ብርጭቆ ደግሞ ምላስን ያደነዝዛል። ስለዚህ ናሙና ይዞ የመጣ ሻጭ ገና ሲጋሩ ሳይለኰስ ጣፋጭ መጠጥ ደጋግሞ ቢቀዳ፣ ግብዣውን በምስጋና ተቀብሎ ብርጭቆውን ማሳደር ነው። መርማሪውም ሆዱ ባዶ መሆን የለበትም፤ ኒኮቲን ባዶ ሆድ ሲያገኝ ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻልም።

ሰ/ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ

አንድ ሰው ብቻውን ሲመረምር ስሙን ያየ ዓይኑ ምላሱን ያታልለዋል። ስለዚህ ሁለተኛ መርማሪ ያስፈልጋል፤ እርሱም በሽያጩ ጥቅም የሌለው ወዳጅ ቢሆን ይመረጣል። የዚህን ጥቅም የሚያስረዳ አንድ ነገር፣ ጸሐፊ ሆኜ በማገለግልበት ንግድ ቤት የተፈጸመ ስለ ሆነ እጠቅሳለሁ።

የአሠሪዬ የንግድ ሸሪክ በዱባይ የስጦታ ዕቃ ሱቅ አለው። አንድ ሻጭ ብዙ ሣጥን የኮሂባ ሮቡስቶ ከገበያው ዋጋ ከግማሽ በታች አቀረበለት። ሸሪኩም ከሣጥኑ ሦስት ሲጋር፣ ከተፈቀደለት ነጋዴም በሙሉ ዋጋ የተገዛ ሦስት ሲጋር ላከና ምክር ጠየቀ። አሠሪዬም በቡና ቅምሻ ሥራ ረጅም ዘመን ያሳለፉ አንድ ሽማግሌ ወዳጃቸውን ቤታቸው ጋበዙ፤ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። እኔም ቀለበቶቹን ሁሉ አወለቅሁና በአንደኛው ወገን «1»፣ በሌላው ወገን «2» የሚል ወረቀት አኖርሁ። የትኛው የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ለእያንዳንዳቸውም ባዶ ወረቀት ሰጠሁ፤ ምክንያቱም የቡና ቀማሾች ደንብ ሁሉም የየራሱን ነጥብ ከጻፈ በኋላ እንጂ አስቀድሞ እንዳይነጋገር ነው።

ሳይለኰስ በፊት አሠሪዬ 2ኛውን አስበለጡ፤ ልብሱ ጠይም፣ ወዘኛና ያማረ ነበር። በመጀመሪያው ሲሶም ጣፋጭ ሆነላቸው። ደስ ብሏቸው ሊናገሩ ሲሉ ሽማግሌው እጃቸውን አነሡና፣ «አትቸኩል ወንድሜ፤ ቡናም በትኵሱ ሁሉም ይጣፍጣል፤ ጠባዩን የሚናገረው ሲበርድ ነው» አሏቸው። በሁለተኛው ሲሶ የ2ኛው እሳት በአንድ ጎን ሮጠ፤ አመዱም ሽማግሌው ጋቢ ላይ ተበተነ። በሦስተኛው ሲሶ ሁለቱም የየራሳቸውን ወረቀት ሳይተያዩ ሞሉ። ሲነበብ የሽማግሌው «መራራ፤ ጣፋጩ ከላይ የተቀባ ይመስላል» የሚል ሲሆን፣ የአሠሪዬም «በመጀመሪያ ወደድሁት፤ አሁን ግን ጉሮሮዬን ይዞኛል» የሚል ነበር።

ከየወገኑ የቀረውን አንዳንድ ሲጋር በቢላዋ ለሁለት ሰነጠቅናቸው። ከ1ኛው ረጃጅም ቅጠል ታጥፎ ወጣ፤ ከ2ኛው የወጣው ቍርጥራጭና የቅጠል አንገት ነበር። 2ኛው የርካሹ ሣጥን ነው። በዚያው ምሽት «አይገዛ» የሚለውን ደብዳቤ ጻፍሁ። ለሸሪኩ የዳነለት የአንድ ዓመት ትርፍ ያህል ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ደንበኞቹ በሱቁ ላይ ያላቸው እምነት ጭምር ነው። ሁለቱ ወዳጆች በመጀመሪያው ሲሶ ላይ አቁመው ቢሆን ኖሮ፣ ወይም አሠሪዬ ብቻቸውን ቢፈርዱ ኖሮ፣ ፍርዱ ሌላ ይሆን ነበር።

ሸ/ ሣጥኑን ስለ መመርመር

ሲጋሩን ማጨስ በማይቻልበት ጊዜ ገዢው በሣጥኑ ይመራል። የኩባ ሲጋር ሣጥን በግራ ወገኑ የመንግሥት የዋስትና ማኅተም ይለጠፍበታል፤ ይህ ማኅተም በ1912 በወጣ ሕግ የተደነገገ ነው። በአሁኑ ማኅተም ላይ ያለው የመሥመር ቍጥር በአባኖስ ኩባንያ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ሊመረመር ይችላል። በሣጥኑ ግርጌ ደግሞ በኩባ የተሠራና ሙሉ በሙሉ በእጅ የተጠቀለለ መሆኑን የሚገልጹ የስጳንያ ቃላት በእሳት ማኅተም ተመትተው ይገኛሉ፤ ከእነርሱም አጠገብ የፋብሪካው ምስጢራዊ ምልክት፣ ወሩና ዓመቱ በቀለም ይታተማል።

ነገር ግን ማኅተምም ይሰረቃል፣ ሣጥንም ባዶው ተገዝቶ እንደ ገና ይሞላል። ስለዚህ ሦስት ነገሮች በአንድነት ይታዩ፤ ሻጩ ማን ነው? ዋጋው ስንት ነው? ዕቃውስ ምን ይመስላል? በ2022 የኮሂባ ዋጋ በዓለም ገበያ ሁሉ እጅግ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ይህን እያወቁ በግማሽ ዋጋ ሲቀርብ መደሰት ሳይሆን መጠርጠር ይገባል። ክዳኑ መስተዋት የሆነ የኮሂባ ሣጥን በቱሪስት ከተሞች ብዙ ጊዜ ይታያል፤ እንዲህ ያለው ሐሰተኛ ነው።

ቀ/ ስለ አቀማመጡ

ደግ ሲጋር በመጥፎ መደርደሪያ ላይ በጥቂት ሳምንት ይበላሻል። የአየሩ እርጥበት ከመቶ ከ65 እስከ 70፣ ሙቀቱም ከ16 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን መልካም ነው። ለዚህም ሂዩሚዶር የሚባለው፣ ብዙውን ጊዜ ሴድሮ በሚባል መዓዛማ እንጨት የተለበጠው ሣጥን ያገለግላል። በደጋ አገር በበጋ ወራት አየሩ ደረቅ ስለ ሆነ ሲጋሩ ይሰነጠቃል፤ በቈላና በወደብ ከተሞች ደግሞ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ በቅጠሉ ውስጥ ያለው የነቀዝ ዕንቍላል ይፈለፈላል። የተጠረጠረውን ሲጋር በተዘጋ ከረጢት አድርጎ ለጥቂት ቀናት በበረዶ ቤት ማሳደር፣ ከዚያም ቀዝቃዛው ድንገት እንዳይለቀው አንድ ቀን በማቀዝቀዣ ማቈየት ነቀዙን ያጠፋዋል።

የእርጥበት መለኪያውም ራሱ መመርመር አለበት። ጥቂት የገበታ ጨው በውሃ ረጠብ ተደርጎ ከመለኪያው ጋር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሲያድር፣ መለኪያው 75 ማሳየት ይገባዋል። ከዚያ ካነሰ ወይም ከበዛ ልዩነቱን መዝግቦ መያዝ ነው። ይህ ከጥቂት ሳንቲም የማያልፍ ወጪ ብዙ ዕቃ ያድናል።

በ/ ጤናና ሕግ

የሲጋር ጢስ ወደ ሳንባ አይሳብምና አይጐዳም የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። የአፍ፣ የጉሮሮና የሳንባ ነቀርሳ ያመጣል፤ አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኬት ሲጃራ ያህል ትንባሆ ሊይዝ ይችላል። ትንባሆና አልኮል አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ በአፍና በጉሮሮ ላይ የሚያደርሱት አደጋ ለየብቻቸው ከሚያደርሱት እጅግ ይበልጣል። ይህን ሳይገልጹ ስለ ሲጋርና መጠጥ መጻፍ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ሸፍኖ እንደ መሸጥ ይቈጠራል።

በአገራችንም በኛ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 1112 ሕዝብ በሚገለገልባቸውና ሥራ በሚሠራባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ይከለክላል፤ ትንባሆን ማስታወቅንም፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው መሸጥንም ያግዳል። ባለ ሱቅና ባለ ሆቴል ሁሉ ይህን ማወቅ ግዴታው ነው። ትንባሆ ለማስገባት የሚያስብም ከማዘዙ በፊት ፈቃዱን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይጠይቅ።

በጠቅላላው፣ ሲጋር ለገዛ ሁሉ የሚሠራው ደንብ ሽቱም፣ ሰዓትም፣ ጨርቅም ለሚገዛ ይሠራል። ስሙ እንዳይታይ ሸፍኑ፤ ያማረውን መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን መጨረሻውንም ቅመሱ፤ ጥቅም የሌለው ወዳጅ አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ ከመነጋገራችሁ በፊትም ሁለታችሁም ጻፉ። ወረቀቶቹ ከተስማሙ ገንዘቡ ይከፈል፤ ካልተስማሙ ናሙናው እንደ ገና ይመርመር።